የታመመ የአምባዛ ጫጩት በአኳሪየም፦ ነጭ ነጠብጣብ ወጥቶበታል፣ ምግብም አቁሟል

ገንዳ ጀማሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በዓሣ እርባታ ወይም በአኳሪየም አያያዝ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታግዙኝ ብዬ ነው የምጽፈው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ለሥራ ሐዋሳ ሄጄ ስመለስ፣ አሞራ ገደል አንድ አስጋሪ መረቡ ውስጥ የገቡለትን ሦስት የአምባዛ ጫጩቶች በጀሪካን አድርጎ ሰጠኝ። ልጆቼ በጣም ስለወደዷቸው 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ አንድ ትንሽ ማጣሪያና የአየር ፓምፕ ገዝቼ ሳሎን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆኑ ሦስተኛው ወደ 14 ይጠጋል።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ከትንንሾቹ አንዱ መብላት አቆመ። ቀን ቀን ከሸክላው ቧንቧ ውስጥ ተደብቆ ይውል የነበረው ዓሣ አሁን በጠራራ ብርሃን ጥግ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ አልፎ አልፎም ድንገት ተነሥቶ ጎኑን ከጠጠሩ ጋር ያሻሻል። ትናንት ማታ በባትሪ ሳየው ጭንቅላቱና ክንፎቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል፤ ከስምንቱ ጢሞቹም ሁለቱ ከጫፋቸው ተቆርጠው አጥረዋል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ እየወጣ አፉን ከፍቶ አየር መዋጡ ነው። እየታፈነ መሰለኝ።

በጽዳት በኩል ያጓደልኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። በየሳምንቱ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ ገንዳውን አጥባለሁ፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ በቧንቧ ውሃና በጥቂት በረኪና አጥቤ እመልሰዋለሁ። የምሰጣቸው ምግብ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልና የደቀቀ ጥሬ ጉበት ነው። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው ለዶሮ የሚሰጠውን የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ውሃው ውስጥ በጥብጬ እንድጨምር መክሮኝ ገዝቼዋለሁ፤ ግን እጄ አልታዘዘልኝም። ልጨምረው ወይስ ይቅር?

የሐይቅ ዳር ልጅ

ወንድሜ፣ ዱቄቱን ለጊዜው እንደታሸገ ያቆዩት።

ስለ አየር መዋጡ መጀመሪያ ላረጋጋዎት። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እንደ አበባ ጎመን ቅርንጫፍ ያለው ሁለተኛ መተንፈሻ አለው። በዚህ አካሉ በቀጥታ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ፣ ጤነኛውም ቢሆን ወደ ላይ ወጥቶ አየር ውጦ ይመለሳል። እኛ ሐዋሳ ስናድግ አስጋሪዎች ቆሮሶው ወዲያው ሲሞት አምባዛው ግን እርጥብ ጆንያ ውስጥ ለሰዓታት ሲላወስ እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ ገንዳውን በክዳን ሲከድኑ በውሃውና በክዳኑ መካከል የአየር ቦታ መተውዎን አይርሱ፤ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ውስጥ አየር እንዳይውጥ የተከለከለ አምባዛ ሊታፈን ይችላል። ለእርስዎ የሚጠቅመው የመውጣቱን ድግግሞሽ መቁጠር ነው። የታመመው ከሌሎቹ ሁለቱ እጅግ አብዝቶ የሚወጣ ከሆነ ስንጥቡ ተጎድቷል ማለት ነው።

ሌላ ምክር ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገር ይንገሩን። አንደኛ፣ ነጠብጣቡ ጤፍ ነው ወይስ ጥጥ? እያንዳንዱ ለብቻው የነጭ ጤፍ ፍሬ የሚያህል ከሆነ አንድ በሽታ ነው፤ እንደ ጥጥ የሚንሳፈፍ ጸጉር ያለው ከሆነ ፈንገስ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተዘረጋ ግራጫ ልጥፍ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሦስቱም አያያዝ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ውሃው ጎሕ ሲቀድ ስንት ዲግሪ ነው? ሦስተኛ፣ አሞኒያ የሚለካ ነገር ማግኘት ይችላሉ?

ገንዳ ጀማሪ (ጠያቂ)

ስለ ፈጣን መልስዎ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጄ በስልኳ አጉልታ ስታየው ያለ ጥርጥር ጤፍ ነው፤ አንድ አንዱ ተለይቶ ይታያል፣ ምንም ጸጉር የለውም። ሙቀቱን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስለካ 18 ዲግሪ፣ ከቀትር በኋላ 21 ሆኖ አገኘሁት። የኅዳር ብርድ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ማሞቂያ የለኝም። አንድ ዘመዴ ከዱባይ ያመጣልኝ መለኪያ ነበረና ከፍቼ ተጠቀምኩበት፤ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ናይትራይት 0.5፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካላይንነት መለኪያ) 7.8 አሳየኝ። አወጣጡንም ቆጠርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የታመመው 11 ጊዜ ሲወጣ፣ ሁለቱ ሦስትና አራት ጊዜ ብቻ ወጡ።

የኩሬ ባለሙያ

ለብዙ ዓመታት በአምባዛና በቆሮሶ ጫጩት እርባታ ላይ የሠራሁ ነኝ። ከገለጹት ሁሉ እንደምረዳው ዓሣዎ ሁለት ችግር ተደራርቦበታል፤ የሚታየው ነጭ ነጠብጣቡ ሲሆን የማይታየው ደግሞ ውሃው ነው። እኔ የምጀምረው ከማይታየው ነው።

ዓሣ ሲተነፍስም ሆነ ሲጸዳዳ አሞኒያ ይለቃል፤ የተረፈ ጉበትና አስኳልም ሲበሰብስ ያንኑ ይጨምራል። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በአዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች በሚገባ ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እርስዎ ግን፣ አይቀየሙኝና፣ ለጽዳት ብለው በየሳምንቱ በበረኪና ሲገድሏቸው ቆይተዋል። ገንዳዎ አምስት ሳምንት ሆነው እንጂ ባክቴሪያው ሁልጊዜ የአንድ ሳምንት ልጅ ነው። ከእንግዲህ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ በባልዲ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ብቻ ይበቃል፤ ቡናማ ሆኖ ቢቀር ደስ ይበልዎት።

አሞኒያ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በውሃ ውስጥ ካለው አሞኒያ ሁሉ ዓሣውን የሚጎዳው አንዱ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ መጠኑም ፒኤችና ሙቀት በጨመሩ ቁጥር ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ሲሆን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ግን ከመቶ አምስት እጅ ይሆናል። የእርስዎ 7.8 ነው። ነጭ ነጠብጣብ በሙቀት እንደሚታከም ሰምተው ዛሬውኑ ማሞቂያ ቢከቱ፣ ጥገኛው ሳይሞት ዓሣው በአሞኒያው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ሙቀት ይሁን።

ውሃውን በተመለከተ፣ ዛሬ ከገንዳው ሲሶውን ብቻ ይቀይሩ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ሙሉ በሙሉ መድፋት ይቅር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፉ በተከፈተ በርሜል ወይም ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ሰው ስለሌለ ይህ የሚከብድዎ አይመስለኝም። የአየር ፓምፑን ቱቦ በርሜሉ ውስጥ ቢያደርጉት ክሎሪኑ በቶሎ ይወጣል። የአዲሱ ውሃ ሙቀት ከገንዳው ጋር እኩል እስኪሆን ከማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ እየጨመሩ በቴርሞሜትር ይለኩት፤ በእጅ መገመት ያታልላል። ውሃውን በቱቦ ስበው ሲያወጡ የቱቦውን አፍ ከጠጠሩ ላይ ሳያነሡ በየቦታው ያዙሩት፤ ምክንያቱን ቀጥዬ እነግርዎታለሁ።

ጤፍ የሚያህለው ነጠብጣብ አይክ የሚባለው በሽታ ሲሆን፣ የሚያመጣው አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ነጠብጣቡ ቆዳው ላይ የተለጠፈ ይምሰል እንጂ ጥገኛው ያለው ከቆዳው ሥር ነው፤ እዚያ ተሸሽጎ እያለ መድኃኒትም ጨውም አይደርስበትም። ሲወፍር ቆዳውን በስቶ ይወጣል፤ ከገንዳው ወለል ላይ ተለጥፎ ሽፋን ያበጅና በመቶዎች ይከፋፈላል። የተፈለፈሉት ዋናተኞች በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ፤ እኛም የምንገድላቸው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ወለሉን በየቀኑ በቱቦ መሳብ ያስፈለገውም በሽፋን ውስጥ ያሉትን ለመቀነስ ነው። በ18 ዲግሪ ይህ ዑደት እየተጓተተ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ በ28 ዲግሪ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ 30 ሲደርስ ደግሞ ጥገኛው መራባት ያቅተዋል። ለብዙ የአኳሪየም ዓሣ 30 ዲግሪ ፈተና ነው፤ የሞቀ ውሃ ኦክስጅን ይቀንሳልና። ለአምባዛ ግን ከ28 እስከ 30 ምቾቱ ነው፤ ኦክስጅን ቢያንሰውም ከአየር ይወስዳል። በዚህ ዓሣ ላይ ሙቀትን ያለ ፍርሃት የምመክረውም ለዚህ ነው።

አሞኒያው ከ0.5 በታች ሲወርድ፣ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ከነመቆጣጠሪያው ያስገቡና በቀን ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ብቻ እየጨመሩ 30 ያድርሱት። ማሞቂያውን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ አምባዛ ሙቅ ነገር ላይ ተጋድሞ ሆዱን ሲያቃጥል አይቻለሁ። ጨውን እስከዚያ መጠበቅ የለብዎትም። ጠጠሩና ቧንቧው ቦታ ስለሚይዙ ትክክለኛው ውሃ 70 ሊትር ነው ብለው ያስሉ፤ በየቀኑ 70 ግራም በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው፣ በሌላ ዕቃ አሟሙተው፣ ለሦስት ቀን ሲጨምሩ በሊትር 3 ግራም ይደርሳል። ከአፍዴራ የሚመጣው የምግብ ጨው ይሆናል፤ አዮዲኑ ጥቂት ስለሆነ አያሳስብዎ። ጨው ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ እንዳይገባም ያግዛል። ውሃ ሲቀይሩ በወጣው ልክ ጨው ይተኩ፤ በትነት የጎደለውን ሲሞሉ ግን ያለ ጨው ይሁን፤ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለምና።

የታመመውን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ መውሰድ ለዚህ በሽታ አይጠቅምም፤ ጥገኛው ውሃው ውስጥ ስለተሰራጨ ሦስቱም አብረው መታከም አለባቸው። ትልቁን ግን በዚያው ገንዳ ውስጥ በፕላስቲክ ወንፊት ይለዩት። የአምባዛ ጫጩቶች እኩያ ካልሆኑ ታላቁ ታናሹን ይነክሳል፣ ሲመቸውም ይውጠዋል፤ ጢሞቹ የተቆረጡትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሲያንቀሳቅሷቸው በመረብ አይያዙ፤ የደረቱ ክንፍ እሾህ መረቡ ውስጥ ተጠላልፎ ክንፉን ይገነጥለዋል። ጎድጓዳ ሳህን ከበታቹ አስገብተው ከነውሃው ያንሡት።

ምግብ ለሁለት ቀን ይቅር። ከዚያም መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ከአትክልት ቦታ የተቆፈረ የምድር ትል አጥበው፣ ቆራርጠው፣ ሦስትና አራት ቁራጭ አጠገቡ ይጣሉለት። አምባዛ የሚበላው ማታ ነው፤ ምግቡንም የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ ስለሆነ፣ ጢሙ የተጎዳው ይህ ዓሣ ከአፉ አጠገብ ካልደረሰለት ላያገኘው ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልተበላው ይውጣ።

ዱቄቱን በተመለከተ የሐይቅ ዳር ልጅ ትክክል ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ አይክ ባክቴሪያ ስላልሆነ አይነካውም። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥም ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ አብዛኛው ኃይሉን ያጣል።

ኮሪዶራስ ወዳድ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኮሪዶራስ የሚባሉትን ትንንሽ የአምባዛ ዘመዶች ካረባሁ ቆይቻለሁ። የባለሙያውን ምክር አከብራለሁ፤ በጨው ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ጨው አይችልም ተብሎ ነው የተማርነው። እኔ አይክ ሲይዝብኝ የምጠቀመው ማላካይት ግሪን ያለበትን መድኃኒት ነው፤ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ግማሽ አድርጌ። እዚህ በቀላሉ ይገኛል፤ ሰው ከመጣ መላክም እችላለሁ።

የኩሬ ባለሙያ

ስለ ቅናሽ መጠኑ የተናገሩት ልክ ነው፤ ቅርፊት የሌለው ቆዳ መድኃኒትን በቶሎ ስለሚስብ ሙሉ መጠን ሊገድለው ይችላል። ጨውን ግን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ዓይን ባናየው ይሻላል። የእርስዎ ኮሪዶራሶች የትውልድ ቦታቸው ጨው አልባ የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ናቸው፤ ይህ አምባዛ የተያዘው ደግሞ ከሐዋሳ ሐይቅ፣ ከስምጥ ሸለቆው አልካላይን ውሃ ነው። ለእሱ በሊትር 3 ግራም፣ ያውም ቀስ በቀስ የገባ፣ የሚያስደነግጥ አይደለም። ማላካይት ግሪን ደግሞ ሰው ለሚበላው ዓሣ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። ጠያቂያችን ይህን ዓሣ ይበሉታል ብዬ ባላስብም፣ አምባዛ አድጎ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ የማን ድስት እንደሚገባ አይታወቅም።

ገንዳ ጀማሪ (ጠያቂ)

ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው፤ የሆነውን ላሳውቃችሁ።

ውሃውን እንደተባልኩት ቀየርኩ፤ በሦስተኛው ቀን አሞኒያው 0.5 ላይ ደረሰ፣ በአራተኛው 0.25 ሆነ። ጨውን በየማታው ሰጠሁ። ማሞቂያ ከአንድ የአኳሪየም ዕቃ ሻጭ አግኝቼ በአራተኛው ቀን አስገባሁ። በዚያው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ባለቤቴ ገንዳውን በጋቢ ጠቀለለችው፣ እኔም ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ እላዩ ላይ አንሳፈፍኩ። ጠዋት ሳየው ከ23 ዲግሪ ወደ 21 ብቻ ነበር የወረደው።

የሚያሳዝነው በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛው ትንሽ ሞቶ አገኘሁት። አንድም ነጠብጣብ ያልታየበትና ጤነኛ ነው ብዬ የተውኩት እሱ ነበር። ታናሿ ልጄ ጓሮ ቀብራዋለች። የታመመው ግን አለ። ነጠብጣቡ በስድስተኛው ቀን ጭራሽ በዝቶ አስደንግጦኝ ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ በላይ ረግፏል። ገንዳው አሁን 29 ዲግሪ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ነው የወጣው። ትሉን ግን እስካሁን አልነካም። ያጠፋሁት ነገር አለ?

የሐይቅ ዳር ልጅ

የሞተው ጥፋትዎ ነው ብዬ አላስብም። አይክ አንዳንዴ ቆዳው ላይ ሳይታይ ስንጥቡን ቀድሞ ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ዓሣ ንጹሕ መስሎ ሳለ ነው የሚሞተው። ነጠብጣቡ መጀመሪያ መብዛቱም ሙቀቱ የጥገኛውን ዕድገት ስላፋጠነው ነው። ምግቡን ደግሞ ሳይበላ የቆየበትን ቀን እየቆጠሩ አይጨነቁ፤ አምባዛ ረኃብ ይችላል። የገንዳውን ሦስት ጎን በወፍራም ወረቀት ይሸፍኑት፤ ቧንቧውንም ወደ ጨለማው ጥግ ያዙሩለት። ሰው ሲያየው አይበላም። ልጆቹንም ለጥቂት ማታ አደራ ይበሏቸው።

ገንዳ ጀማሪ (ጠያቂ)

በ19ኛው ቀን ነው ይህን የምጽፈው። ነጠብጣቡ በ11ኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ሙቀቱንም ጨውንም ግን አልነካሁም። ትሉን የበላው በ12ኛው ሌሊት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መብራት አጥፍቼ ሁለት ቁራጭ ከቧንቧው አፍ ላይ ጥዬለት፣ እጄን በስልኩ መብራት ላይ ከድኜ ስጠብቅ፣ መጀመሪያ ጢሞቹ ብቻ ወጡ፤ አንዱ ረጅም ጢም ትሉን ነካ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ነካ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ብቅ ብሎ ዋጠው። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። አሁን ማታ ማታ አምስትና ስድስት ቁራጭ ይበላል፤ ከተቆረጡት ጢሞች የአንዱ ጫፍ ነጣ ብሎ ማደግ ጀምሯል። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ናቸው።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ጨውንና ሙቀቱን መቼ ልቀንስ? ደግሞስ ሙሉ በሙሉ ሲድኑ ሁለቱን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ብመልሳቸው ይሻላል ወይስ ላሳድጋቸው?

የኩሬ ባለሙያ

የመጨረሻው ነጠብጣብ ከጠፋ አንድ ሳምንት ስላለፈው አሁን መቀነስ ይችላሉ። ጨውን ለማውጣት የተለየ ሥራ የለበትም፤ በየሦስት ቀኑ ሩብ ውሃ ሲቀይሩ ያለ ጨው ይተኩ፣ በራሱ እየሳሳ ይሄዳል። ሙቀቱን በቀን አንድ ዲግሪ እያወረዱ 26 ላይ ያቁሙት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ እስኪያልፉ ከዚያ በታች አያውርዱት። ወንፊቱ ይቆይ፤ ትልቁ ያሁኑን ታማሚ ገና በመጠን ይበልጠዋል።

ወደ ሐይቁ መመለሱን ግን ይተዉት። በሽታ ያየ ገንዳ ውስጥ የኖረ ዓሣ የዳነ መስሎ ጥገኛውን ሊሸከም ይችላል፤ ሐይቁ ደግሞ የብዙ አስጋሪ እንጀራ ነው። ማሳደጉን በተመለከተ፣ አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ ዓሣ መሆኑን አስቀድመው ይወቁት። በሚገባ ከተመገበ 80 ሊትሩ ለሁለቱ ከጥቂት ወራት በላይ አይበቃም። ኩሬ ያለው አርቢ ከአሁኑ ፈልጉ፤ ያኔ ሲሰጡት ግን የታከሙት በጨውና በሙቀት ብቻ መሆኑን ይንገሩት፣ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሌሎቹ ለይቶ ያቆያቸው።

ገንዳ ጀማሪ (ጠያቂ)

እሺ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ቢሾፍቱ ኩሬ እንዳለው ነግሮኛል፤ ለመጋቢት ተስማምተናል። የዶሮውን ዱቄት ሳልከፍተው ለሻጩ መለስኩለት።